«ያደገው ወረቀቱ ነው»፦ ከደሴ ለኅትመት ሽልማት አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኅትመት ዘርፍ የንግድ አፈጻጸም ሽልማት አዘጋጅ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመወዳደሪያ ቅጹ እንዲታረም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከደሴ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሁለት ማሽንና ሰባት ሠራተኞች ያሉት ማተሚያ ቤት አለኝ፤ ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ለሽልማታችሁ አመልክቻለሁ። አራት ማታ ቁጭ ብዬ ቅጹን ሞልቼ ስጨርስ ግን ደነገጥኩ። በእናንተ መለኪያ ከሄድን ሳላሸንፍ አልቀርም። አሸናፊ የሚያሰኝ ሥራ ግን አልሠራሁም። እንዲያውም በ2017 በጀት ዓመት ያተምነው ወረቀት በ2016 ካተምነው ያነሰ ነው።

ይህን ለእናንተ ብቻ በፖስታ መላክ እችል ነበር። በአደባባይ ያደረግሁት ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም፣ ከሚሴም ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ያንኑ ቅጽ ይዘው ሲብሰለሰሉ ስለሰማሁ ነው። ወሎዬ ነገር ሲከብደው ብቻውን አይዝም፤ ቡና አፍልቶ ጎረቤት ይጠራል። እናንተንም እንደተጠራ ጎረቤት ቆጥሬ ነው የምናገረው።

ከክፍል ሁለት ልጀምር። የሁለት በጀት ዓመት ሽያጭ በብር ተጽፎ የዕድገቱ መቶኛ እንዲሰላ ይጠይቃል፤ ከመቶው ነጥብ አርባው የተሰጠው ለዚሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ የሆነውን ግን እናንተም አትረሱትም። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረቀታችን፣ ቀለማችን፣ ፕሌታችን (ጽሑፉና ምስሉ የሚቀረጽበት ሰሌዳ)፣ ብላንኬታችን (ቀለሙን ወደ ወረቀቱ የሚያሻግረው ጎማ) በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ደንበኛ ከሚከፍለን ብር ውስጥም ትልቁን ድርሻ የሚበላው ወረቀቱ ነው፤ እኛ ጋ ገባ ብሎ ወደ አስመጪው ያልፋል።

እንበልና አንድ ማተሚያ ቤት በ2016 ዓ.ም. 1,000 ደስጣ (የወረቀት እሽግ) አትሞ ደስጣውን በ1,000 ብር ሒሳብ አስረከበ። ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብር ነው። በ2017 ሥራ ቀዘቀዘና 800 ደስጣ ብቻ አተመ፤ ዋጋው ግን 1,800 ብር ገባ። ሽያጩ 1,440,000 ብር ሆነ። በእናንተ ቅጽ ይህ ቤት 44 በመቶ አድጓል። ማሽኑ አጠገብ ለቆመው ሰው ግን ሥራው በ20 በመቶ ወርዷል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው ያመጣሁት፤ የእኔ መዝገብም ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ማሽኒስታችንን ጠርቼ «በዚህ ቅጽ መሠረት አድገናል» ብለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እትዬ፣ ያደገው ወረቀቱ ነው፤ እኛማ ያው ነን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ክፍል ሁለትን በሞላሁት ቁጥር ላይ መፈረም ከበደኝ። ፈርሜያለሁ፤ ቁጥሩ እውነት ነዋ! ትርጉሙ ነው ውሸት የሆነው።

ስለዚህ ከብሩ ጎን ወረቀቱን ጠይቁን። ስንት ደስጣ ገዛን፣ ስንቱ ታትሞ ለደንበኛ ተሰጠ፣ ስንት የሥራ ትዕዛዝ ተከፍቶ ስንቱ በቀጠሮው ቀን ወጣ። ብሩን ካልተዋችሁት ደግሞ ከሽያጩ ላይ የወረቀቱን፣ የቀለሙንና የፕሌቱን ወጪ አንሱና በቀረው አወዳድሩን። የእኛ እጅና ማሽን የጨመረው ዋጋ እሱ ነው፤ ደመወዝም የሚከፈለው ከእሱ ነው። በዚህ ስሌት የእኔ ቤት ከሠንጠረዡ ወገብ በታች ይወርዳል። ይውረድ።

አሁን ደግሞ ቅጻችሁን ላመስግን። ክፍል አምስት ላይ፣ ከታች ጥግ፣ አምስት ነጥብ ብቻ የሚያስገኝ ጥያቄ አለ፤ «የወረቀት ብክነታችሁ በመቶኛ ስንት ነው?» የሚል። አላውቀውም ነበር። ማሽኒስቱን ጠየቅሁት፣ አያውቅም። ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት፣ «የምን ብክነት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ቤት የተበላሸ ወረቀት አይጣልም፤ በኪሎ ተሸጦ ሰኞ ገበያ የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ሽያጭ የሚያስገኝ ነገር ደግሞ ማን ኪሳራ ይለዋል?

አንድ ጊዜ የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ እኛ ጋ ያሳተሙ እናት ቆሎ ሊገዙ ሄደው የልጃቸው ስም ያለበት ጥቅልል ተሰጣቸው። የካርዱ የውስጥ ወረቀት ነው፤ ቀዩ ቀለም ከወርቃማው ተንሸራትቶ የሙሽራዋ ስም ሁለት ሆኗል። ቆሏቸውን እንደያዙ መጡና «ልጄን ሳልድራት ሸጣችኋትሳ!» አሉኝ። እየሳቁ ነው። ቆሎውንም አቀመሱኝ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም፤ ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት ከቤቴ እንደሚወጣ እንኳ አልቆጠርኩም ነበርና።

በዚያ አምስት ነጥብ ሰበብ ማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ደብተር በክር አንጠለጠልን። ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ሉክ ገባ፣ ስንቱ ደህና ወጣ፣ የቀረው በምን ተበላሸ፤ ሦስቱን ማሽኒስቱ ይጽፋል። መጀመሪያ የምንሰልለው መስሎት አኮረፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቶ መጣ። ሦስት ወር ጻፍን። ያገኘነውን ላካፍላችሁ፤ መለኪያችሁን ለማረም ይጠቅማል።

ትልቁ ብክነት ገና ሥራው ሳይጀመር የሚሄደው ነው። ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ልክ እስኪያርፉ፣ የውኃውና የቀለሙ ሚዛን እስኪስተካከል ድረስ የሚሄድ የማስተካከያ ወረቀት አለ። ይህ ወረቀት የሥራውን ትልቅነትና ትንሽነት አያይም። 100 ሉክ ማስተካከያ ከሄደ፣ 5,000 ሉክ ለታዘዘ ሥራ 2 በመቶ ነው፤ 500 ሉክ ለታዘዘ ሥራ ግን 20 በመቶ። የአዲስ አበባ ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ በመቶ ሺህ ያትማሉ። እኛ የምንኖረው በ300 የሠርግ ካርድ፣ በ200 የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት፣ በመውሊድና በጥምቀት ፖስተር ነው። ሁለታችንን በአንድ መቶኛ ብትለኩን የወሎ ማተሚያ ቤት ሁልጊዜ አባካኝ ይሆናል። የማስተካከያውን በቁጥር፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተበላሸውን በመቶኛ፤ ለያይታችሁ ጠይቁን። ማሽኒስት የሚለካው በመጀመሪያው ነው፤ በስንት ሉክ ወደ ደህናው ወረቀት ይደርሳል? የእኛው በሦስተኛው ወር በአማካይ ከ100 ወደ 60 አውርዶታል። ማንም ቀጥቶት ወይም ሸልሞት አይደለም። ቁጥሩን ማየት ጀመረ፣ በቃ።

መብራቱን ምን ብዬ ልጻፍላችሁ። ማሽን በሩጫ ላይ እያለ ሲጠፋ ሮለሩ ላይ ያለው ሚዛን ይሄዳል፤ ጄኔሬተር ተነስቶ እንደገና ሲጀመር ሌላ ሠላሳ አርባ ሉክ ይሄዳል። ደብተራችን ላይ «መ» ብለን እንጽፈዋለን። የ«መ» ብዛት እኔን አይመለከትም፤ ግን ለኮሚቴው ይጠቅማል፤ የየትኛው ከተማ ማተሚያ ቤት በምን እንደሚፈተን በአንድ ፊደል ያሳያችኋል።

ከሁሉ ያስገረመኝ አየሩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ጠርዙ ሞገድ ይሠራል፣ ትንሽም ቢሆን ይለጠጣል፤ ጠዋት ያተምነው ሰማያዊ ላይ ከሰዓት ቀዩን ስንጭን አይገጥምም። የእኛ ወረቀት የሚመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ለእኛ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ናት፤ ሞቃት ናት። ከሞቃቱ መጋዘን ወጥቶ ቀዝቃዛው ክፍል እንደደረሰ ማሸጊያውን ቀደን እንጭነው ነበር። ጠራዣችን ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያሉ አዛውንት ናቸው፤ ደብተሩን አየት አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ወረቀት እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ ይረፍ» አሉኝ። አሁን ወረቀቱ ማሸጊያው ሳይከፈት ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ የክፍሉን ሙቀት ከለመደ በኋላ እንከፍተዋለን። ይህን በየማተሚያ ቤቱ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። እኔም ለሃያ ዓመት ሻይ አብሬያቸው ስጠጣ አልጠየቅኋቸውም።

የቀረው የራሳችን ጥፋት ነው። እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። ወሎ ውስጥ የግድግዳ ካሌንደር ሲታተም ሦስት አቆጣጠር ይገባበታል፤ የእኛው፣ የሂጅራውና የፈረንጁ። አንድ ቤት ውስጥ ጾም የሚቆጥር አባትና ረመዳን የምትጠብቅ እናት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ካሌንደሩ ለሁለቱም መሆን አለበት። የ2015ን ካሌንደር ስናዘጋጅ ሦስቱን ስናገጣጥም ስንታገል ከርመን፣ የመጨረሻውን ገጽ ማንም ልብ ሳይለው ጳጉሜን 5 ቀን አድርገን አተምነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ናት! አንድ ቄስ ደንበኛችን በጣታቸው ቆጥረው እስኪነግሩን ድረስ ሙሉው ተጠርዞ ነበር። ያ ሁሉ ገጽ ተነቅሎ እንደገና ታተመ። በቅጻችሁ «በዓመቱ የገጠማችሁ ስሕተትና የወሰዳችሁት እርምጃ» የሚል ቦታ የለም። «የተገኙ ስኬቶች» የሚል ግን ሁለት ገጽ አለ። አንዱን ገጽ ለስሕተት ስጡልን።

የ2014ን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ቅጹ የአምስት ዓመት ሰነድ ይጠይቃል፤ ያልቀረበበት ዓመት ዜሮ ያገኛል ይላል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤቱን ዘግተን ወጣን፤ በኅዳር መጨረሻ ነበር መመለስ የተቻለው። ኮምፒውተሮቹ አልነበሩም፤ የመቁረጫው ሞተር ተነቅሏል፤ የአሥር ዓመት የሥራ ትዕዛዝ ወረቀት ወለሉ ላይ ተበትኖ ረግጠውታል። ሰነዱ ያለው እዚያ ወለል ላይ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ 2014ን እንደምንም ብሞላው 2015 ከሱ አንጻር በሦስት እጥፍ ያደገ ሆኖ ይታያል፤ ዜሮና ሦስት መቶ በመቶ በተከታታይ ዓመት! ሁለቱም ስለ እኛ ምንም አይናገሩም። ጦርነት ላለፈባቸው ከተሞች 2013ን መነሻ አድርጋችሁ ብታወዳድሩ ፍትሐዊ ይሆናል።

ስለ ምድቡም አንድ ቃል። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ የአገር ቅርስ ነው፤ እሱና የእኔ ሰባት ሰዎች በአንድ ሠንጠረዥ መቆማችን ለእኔ ክብር ነው፣ ለዳኛው ግን ጣጣ። በሠራተኛ ብዛት ከፍሉን። ቅጹን ደግሞ በአማርኛ አዘጋጁት፤ አማርኛ የሚያትሙ ሰዎችን በእንግሊዝኛ መጠየቅ ትንሽ ያስቃል። የመመዝገቢያ ክፍያውን አልጨቃጨቅበትም።

ናሙናውን ግን እጨቃጨቅበታለሁ። «በዓመቱ ካተማችሁት የተሻለውን ሦስት ቅጂ ላኩ» ትላላችሁ። ለዳኛ ተብሎ የተለየ ወረቀት፣ የተለየ ቀለም ገብቶበት ሦስት ቅጂ እንደሚታተም ሙያው ውስጥ ያለን ሁላችን እናውቃለን። አሜሪካ ውስጥ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ የኅትመት ውበት ሽልማት አለ፤ ሐውልቱን በአታሚው በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም «ቤኒ» ይሉታል። እሱ የሚዳኘው ያንን አንድ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ጥሩውን መላክ ተገቢ ነው። እናንተ ግን «የንግድ አፈጻጸም» ብላችሁ ጠርታችሁናል። የምትዳኙት ዓመቱን ነው። ዓመቱ በሦስት ቅጂ አይታይም። ከመዝገባችን ላይ እናንተ በዕጣ አሥር የትዕዛዝ ቁጥር ምረጡ፤ ደንበኛው ጋ ደውሉና በቀጠሮው ቀን ደርሶት እንደሆነ፣ ተመላሽ አድርጎ እንደሆነ ጠይቁ። ከመደርደሪያ ላይ ያለውንም ራሳችሁ አንሱ።

የማሽኑን ነገር ደግሞ «ዘመናዊ ማሽን አላችሁ?» ብላችሁ ነጥብ ሰጥታችሁበታል። ማሽን መግዛት የሚችል ባለ ገንዘብ ነው፤ አፈጻጸም ሌላ ነው። የእኔ አሮጌ ኦፍሴት በሰዓት 8,000 ሉክ ይመታል ተብሎ የተሠራ ነው። ከ8 የሥራ ሰዓት 6ቱን ሲሠራ ከዋለ ጊዜው 75 በመቶ ነው። በሰዓት 5,000 ከመታ ፍጥነቱ 62.5 በመቶ ነው። ከታተመው 95 በመቶው ደህና ከሆነ፣ ሦስቱን አባዙት፤ 45 በመቶ አይሞላም። ከሚችለው ግማሹን እንኳ አልሠራም ማለት ነው። ይህን ስሌት ለአሮጌውም ለአዲሱም ማሽን ጠይቁ። ብዙ ሚሊዮን የወጣበት አዲስ ማሽን 30 በመቶ ላይ ቁጭ ብሎ ብታገኙት እንዳትገረሙ።

የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱን የሥራ ቦታ አያያዝ «ማ»ዎች ያልሰማ አምራች ያለ አይመስለኝም፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ዳኛ በቀጠሮ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ሌሊት ይሠራሉ፤ ለእንግዳ ቤት መጥረግ ማንም ያውቅበታል። ማዝለቅን ግን ፎቶ አያነሱትም። እሱ የሚታየው እንደ እኛ ያለ በቀለም የተጨማለቀ፣ ቀን በቀን የተጻፈ ደብተር ውስጥ ነው። በቅጹ ላይ «የተሟላና ንጹሕ ሰነድ» ብቻ እንደሚቀበል ተጽፏል። ንጹሕ ሰነድ ከማሽን አጠገብ አይገኝም። የቆሸሸውንም ተቀበሉ።

አንድ ትልቅ ልመና ይቀረኛል። አሜሪካኖች በ1987 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት የባልድሪጅ የጥራት ሽልማት ያመለከተ ሁሉ፣ ያሸነፈም የተሸነፈም፣ ከገምጋሚዎቹ በጽሑፍ የተዘጋጀ አስተያየት ይደርሰዋል፤ ጥንካሬህ ይህ ነው፣ ማሻሻል ያለብህ ይህ ነው ተብሎ። ጃፓኖች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጡት የዴሚንግ ሽልማትም የተመሠረተው ስለ ጥራት ሊያስተምራቸው በመጣ ሰው ስም ነው፤ ሰውየው ከንግግሮቹ መጽሐፍ የሚያገኘውን ገንዘብ ስለተወላቸው በዚያ ነው የተጀመረው። እናንተም ለተሸነፈው ዋንጫ አትስጡት፤ አንድ ገጽ ጻፉለት። እኔ ከአምስት ነጥብ ጥያቄ ያን ያህል ከተማርኩ፣ ከአንድ ገጽ አስተያየት ስንት በተማርኩ።

ደግሞ ሰርተፊኬቱ። «ለድርጅቱ ባለቤት» ይላል፤ ሌላ ስም የለበትም። አባቴ ፊደል ለቃሚ ነበር። ከእርሳስ የተሠራውን የአማርኛ ፊደል፣ ከሀ እስከ ፐ እያንዳንዱን ከነሰባት ቤቱ፣ ከሣጥኑ በጣቱ እየለቀመ መስመር ይሠራ ነበር፤ 231 ዋና ፊደል፣ ዲቃላው ሳይቆጠር። ካቆመው ገጽ አንዱም ላይ ስሙ የለም። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍት ያሰባሰቡበት ገዳም ነው። የጥንቱ የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ ለጻፈውም፣ ላስጻፈውም፣ ለሚያነበውም፣ ለሚሰማውም ምሕረት ይለምናል። ያስጻፈው ባለ ገንዘቡ ነው፤ ግን ጸሐፊውን ትቶ እሱን ብቻ አያነሳም። የሽልማቱ ሰርተፊኬት ላይ የማሽኒስቱ፣ የዲዛይነሩና የጠራዡ ስም እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበበ የእኔ ይቅር።

ማመልከቻዬን አላወጣሁም። ክፍል ሁለት ላይ ከሽያጩ ሥር በእጄ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ በሁለቱም ዓመት ያተምነውን የደስጣ ብዛት። ከቅጹ ጋር አብሮ የሦስት ወሩ ደብተር ቅጂ አለ፤ ሁለት ገጹ ላይ የቡና ጠብታ ስላለ ይቅርታ፤ የማሽኒስቱ ነው። ዳኛ ወደዚህ የሚመጣ ከሆነ ቀጠሮ አያስፈልገውም። በሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው፤ ስትገቡ በስተግራ በኩል የተከመረው የተበላሸው ወረቀት ነው፤ ከእሱ ጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደሴ፣ ወሎ
አንዲት የማተሚያ ቤት ባለቤት